ድልድይ የሌለበት መንገድ

መጀመሪያ ሳን ማርኮ ቤተ ክርስቲያን፤ አይ፣ መጀመሪያ ቁርስ፣ ልጅቷ ሁለት ቀን ሙሉ ሚኒባስ ውስጥ ተጣጥፋ መጥታ የወርቁን ጣሪያ ተመልከቺ ብትባል በባዶ ሆዷ ምኑ ይታያታል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ቁርስ፣ ከዚያ ሳን ማርኮ፣ ከዚያ በውሃው አውቶቡስ ምሳ ወደሚበላበት፣ ከዚያ ለሳሉቴ ማርያም ሻማ፣ አመሻሹ ላይ ደግሞ ሐሳቧን ትቀይራለች። ራይሳ ለዚህ ለመጨረሻው ጉዳይም እንደ ቁርሱና እንደ ምሳው ሰዓት መድባለታለች። ይህን ሁሉ የምታወጣው የምታወርደው ጋደም ብላ ነው። ጊዜው ከምሳ በኋላ ያለችው የዕረፍት ሰዓት ናት፣ በቬኒስ ካስቴሎ ሰፈር ሱቁም መስኮቱም ክርችም የሚልባት፣ የምትጠብቃቸው አሮጊት ሲኞራ ኤርሲሊያ በወዲያኛው ክፍል አፋቸውን ከፍተው የሚያንኮራፉባት፣ እሷም ድሮ ከማዕድ ቤቱ ጎን ባለችው ታጣፊ አልጋ ላይ ጎኗን እንዳሳረፈች ጭልጥ ትልባት የነበረች ሰዓት። አሁን ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዓይኗ ከጠፋ ሰነበተ። ሌሊቱን ትገላበጣለች፣ ቀኑንም ትገላበጣለች፣ አልጋዋም ከእሷ ጋር ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል። ቢሆንም አልከፋትም። ያልተኛ ሰው ያስባል፣ ራይሳም በእነዚህ ቀናት አስባ የጨረሰችው ነገር ብዙ ነው።

ነገሩ የመጣው በስልክ ነው። የእሷ ቤት ነገር ምን ጊዜም በስልክ ነው የሚመጣው፣ እናቷ ሞተች በስልክ፣ የልጅ ልጅ ተወለደ በስልክ፣ የጎረቤት ላም አጥር ጥሳ ጎመኑን ጨረሰችው እሱም በስልክ። ባለፈው እሑድ ደግሞ ልጇ ኦቲሊያ ደውላ፣ እማ፣ ጀርመን አገር ሥራ አገኘሁ አለቻት። ምን ሥራ? አንድ ሽማግሌ መጠበቅ፣ እዚያው ቤታቸው እያደርኩ። ሳንዱስ? ሳንዱ አክስቴ ቬራ ጋ ይቆያል፣ ለጊዜው ነው። ራይሳ ስልኩን እንደያዘች ግድግዳ ግድግዳውን አየች። ሳንዱ የኦቲሊያ ልጅ ነው፣ አራት ዓመቱ፣ አባቱ ለግንባታ ሥራ ሞስኮ ሄዶ ድምፁን ያጠፋ። ቬራ የራይሳ እህት ናት። ቤቱም ሞልዶቫ ውስጥ ሉንካ መንደር ያለው ያው የድሮው ቤት ነው፣ ምድጃው ያው፣ ከምድጃው ጎን ያለው አልጋም ያው፣ ኦቲሊያ በሰባት ዓመቷ፣ እናቷ ለጊዜው ነው ብላ ጣልያን ስትሄድ፣ የቀረችበት አልጋ። ለጊዜው የምትባለዋን ቃል ራይሳ ጠንቅቃ ታውቃታለች፣ እንዴት እንደምትለጠጥ፣ በእሷ ላይ እስከ አሥራ ሰባት ዓመት ድረስ ተለጥጣለች። እንግዲህ ልጅቷ ወደ ሙኒክ ስታልፍ አንድ ቀን ቬኒስ ትውላለች፤ እሑድ ጧት ሚኒባሶቹ የሚቆሙበት ትሮንኬቶ ትወርዳለች፣ ማታ ባቡር ትሳፈራለች። በመሃሉ ያለው ቀን የራይሳ ነው። በዚያ ቀን የኦቲሊያን ፊት ወደ ሳንዱ ታዞራለች፣ ይኸው ነው፣ ሌላው ሁሉ ጉብኝት ነው።

ትችላለች? ይህም ጥያቄ ሆኖ። ሐኪሙ እጁን የሰጠበትን የግፊት ክኒን ሲኞራ ኤርሲሊያን በየቀኑ የምታስውጥ ሴት ናት። ዓሣ ሻጩ ቤፒ የሰነበተውን ዓሣ ዛሬ ሲዋኝ እንደዋለ አድርጎ ሲያቀርብላት ዝም ብላ ዓይን ዓይኑን እያየች ራሱ እጁን ወደ ኋላ የሰበሰበላት ሴት ናት። ቋንቋውን ሳታውቅ መጥታ ዛሬ በካስቴሎ ዘዬ ተሳድባ የምታሸንፍ ሴት ከገዛ ማኅፀኗ የወጣች ልጅ ታቅታታለች? ደግሞ ቀኑ እንዴት እንደገጠመ፣ እሑድ የራሷ የዕረፍት ቀን ነው፣ ዘንድሮ ደግሞ የሳሉቴ ማርያም በዓል እሑድ ላይ ዋለ፣ ከተማው በሙሉ ወጥቶ ለጤናው ሻማ የሚያበራበት ቀን። ማርያምም ብትሆን ልጅ አቅፋ ነው የምትታየው፣ ከማን ጋር እንደምትወግን የታወቀ ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከትሮንኬቶ በውሃው አውቶቡስ በትልቁ ቦይ ይወርዳሉ፣ ውጭ ቆመው፣ ቤተ መንግሥቶቹን ግራና ቀኝ እያዩ፤ ኅዳር ስለሆነ ጉም ይኖራል፣ ቢኖርም ይኑር፣ ጉም ፎቶ ያሳምራል። ሪያልቶ ድልድይ ጋ አይወርዱም፣ ከታች ሆነው ያዩታል፣ ይበቃል። ሳን ማርኮ ይወርዳሉ፣ አደባባዩ ለጥ ያለ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑም በጎኑ በኩል ሸርተት የሚል መግቢያ አለው፣ ዘበኛውን ታውቀዋለች። ከዚያ ወደ ወደቡ ተመልሰው በውሃ ትንሽ ሄደው ጋሪባልዲ መንገድ፣ እሱም ለጥ ያለ ነው፣ እዚያ የበዓሉን የበግ ሥጋና የጥቅል ጎመን ሾርባ ይበላሉ፣ ከዚያ እንደገና በውሃ ወደ ሳሉቴ። ይህን መንገድ ዓይኗን ጨፍና ትሄደዋለች፣ አሁንም ጨፍናዋለች፣ የውሃው አውቶቡስ ከወደቡ ይላቀቃል፣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ መስኮቱ ግን የሚኒባስ ነው፣ ወይኑ ተለቅሞ ያለቀበት ጥቅምት ነው፣ የሉንካ መንገድ አቧራ ነው፣ ኦቲሊያ ከኋላ እየሮጠች ነው። እጇን እያወዛወዘች ትሮጣለች፣ ራይሳም በመስኮቱ እጇን ታወዛውዝላታለች፣ ጎበዝ ልጅ፣ አላለቀሰችም እያለች፣ ፈገግ እያለች። ከሳምንት በኋላ ነው ቬራ በስልክ የነገረቻት። ልትሰናበትሽ አልነበረም እኮ የምትሮጠው፣ ሻርፕሽን በር ላይ ረስተሽ፣ እሱን ልታቀብልሽ ነው። ራይሳ ያን ቀን ሙሉ ለሰው የማይገባ ሥራ ስትሠራ ዋለች፣ የታጠበ ሳህን መልሳ አጠበች፣ ምክንያቱም እጇን ስታወዛውዝላት ልጅቷ ምን መስሏት ይሆን የሚለው ነገር አላስቀምጥ አላት። እስከ ዛሬም አልጠየቀቻትም።

«ራይሳ» አሉ ሲኞራ ከወዲያኛው ክፍል። «አልጋሽ ያወራል። ምን ሆንኩ ይላል?»

«ተኙ ሲኞራ፣ ገና ነው።»

«በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ምን ያስቸኩለኛል፣ መተኛቱ የት ይሄዳል። ነይ አንሺኝ።»

ተነስታ ሄደች። በብብታቸው ገብታ አነሳቻቸው፣ ዊልቸሩ ላይ አስቀመጠቻቸው፣ እግራቸውን በብርድ ልብስ ጠቀለለች፣ ወደ መስኮቱ ገፍታ መዝጊያውን ከፈተችላቸው። ሲኞራ በወጣትነታቸው ሪያልቶ አጠገብ ጓንት ሻጭ ነበሩ፣ እስከ ዛሬም ሰው ሲያዩ መጀመሪያ እጁን ነው የሚያዩት። የራይሳንም እጅ አዩ።

«ልጅሽን የት የት ልትወስጃት ነው? በይ ንገሪኝ፣ ይህን ከተማ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ቢኖር ሞቷል።»

ራይሳ ወገቧን ይዛ ቆማ ነገረቻቸው፣ ከቁርሱ እስከ ሻማው፣ ኩራት ኩራት እያላት። ሲኞራ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ብርድ ልብሱ ላይ መንገዱን ይከተላሉ።

«ሪያልቶ ላይ አትወርዱም?»

«ከጀልባው ሆኖ በደንብ ይታያል።»

«ከሳን ማርኮ ጋሪባልዲ የእግር መንገድ ነው፣ ባሕሩን እያዩ። በውሃ የምትሄዱት ለምንድን ነው?»

«ይሻላል ሲኞራ። አይደክምም።»

«ልጅሽ እግሯን ያማታል?»

«ምን ሆና፣ በሃያ አራት ዓመቷ።»

«ታዲያ ዊልቸሩ ላይ ማን ነው የሚቀመጠው?»

ራይሳ መጀመሪያ አልገባትም። ሲኞራ ግን ሳቅ ጀምረዋል፣ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ፣ ውሃ አቀበለቻቸው፣ ጠጥተው እንደገና ሳቁ። «አንድም ድልድይ የለበትም እኮ። ሰው ቬኒስ መጥቶ አንድ ድልድይ ሳይወጣ ሊመለስ ነው። ይህ የልጅሽ መንገድ አይደለም የኔ ልጅ፣ የእኔ ነው። እኔን ነው ይዘሽ ልትዞሪ ያሰብሽው።»

እውነታቸውን ነው። ራይሳ መስኮቱ ላይ ተደገፈችና መንገዱን በሐሳቧ እንደገና ሄደችበት፣ እውነትም አንድ ደረጃ የለበትም። ለካ እሷ የምታውቃት ቬኒስ ጎማ የሚገባባት ቬኒስ ናት፣ ሌላዋ በየድልድዩ ማዶ ነች። የሰው ከተማ በግራና በቀኝ እየተባለ ይታወቃል፣ የእሷ ከተማ ግን እዚህ ይገፋል እዚያ አይገፋም በሚል ነው የተያዘችው፣ ፋርማሲው ይገፋል፣ ሐኪሙ በውሃ ነው፣ የኦርቶዶክሶቹ ቤተ ክርስቲያን ደረጃ አለበት ይቅር። በዕረፍት ቀኗስ? በዕረፍት ቀኗ ትሮንኬቶ ሄዳ ዕቃ ትልካለች፣ ዕቃ ትቀበላለች፣ ከሉንካ የመጣ አይብ እያሸተተች ከአገሯ ሴቶች ጋር ቆማ ታወራለች፣ ይመሻል። አፈረች፣ ግን ለአፍታ ነው። ራይሳ ማፈርን ብዙ አታስተናግድም።

«ደግሞ ሳሉቴ በጀልባ አይኬድም» አሉ ሲኞራ። «ለበዓሉ ሲባል ቦዩ ላይ ተንሳፋፊ ድልድይ ተዘርግቶ፣ እሱን ትቶ በውሃ አውቶቡስ የሚሄድ ወይ እንግዳ ነው ወይ እኔ ነኝ። በሳን ማርኮ አደባባይ ባሉት ሁለት ዓምዶች መካከልም እንዳታሳልፊያት፣ ሰው የሚገደልበት ነበር፣ የእኛ ሰው አያልፍበትም።»

«አላሳልፋትም። ሲኞራ፣ እኔ ግን ላስጎበኛት ብቻ አይደለም። ልመልሳት ነው። ልጇን ጥላ ነው የምትሄደው።»

ሲኞራ ወደ እሷ ዞሩ። «በሳን ማርኮ ነው የምትመልሻት? ወርቁን አሳይተሽ፣ በይ አሁን ወደ ጎመንሽ ልትያት ነው?»

ይህኛው ከድልድዩ የባሰ ገባ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፣ እሷ ግን ስንት ዓመት ሙሉ በሰው ወርቅ ፊት ቆማ ስትደምቅ ኖራለች። የሲኞራን የድሮ ካፖርት ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀብታ፣ ከኋላዋ ሳን ማርኮ፣ ከኋላዋ ጎንዶላ፣ ከኋላዋ የበዓል መብራት፣ አንዱን ሴትዮ አንሺኝ ብላ፣ ለሉንካ። እናት ጋዝ ምድጃ ስትፈገፍግ ፎቶ ትላክ እንዴ? ልጅቷ እንዳታዝን ነው የላከችው፣ እናቴ ደህና ናት እንድትል። ቬራም ፎቶዎቹን ከአልጋው በላይ በምስማር ትመታቸዋለች፣ ኦቲሊያ ከሥራቸው ትተኛለች፣ ትተኛለች፣ ታድጋለች፣ ጡት ታወጣለች፣ ትወልዳለች፣ ልጇንም እዚያው ሥር ታስተኛለች። ጀርመን አገር ያለው ሽማግሌ አይደለም ልጅቷን የጠራት። እነዚያ ፎቶዎች ናቸው፣ ፎቶዎቹ ውስጥ ያለችው ካፖርት የለበሰች ሴትዮ ናት በእጇ የምትጠራት። አንቺ ራይሳ፣ አለች ለራሷ፣ ደግሞ ብለሽ ብለሽ ያንኑ በአካል ልታሳያት ነበር።

«እንግዲያው እዚህ አመጣታለሁ» አለች። «ታጣፊ አልጋዬን ትይ። እርስዎንም ትይ፣ እንዴት እንደማጥብዎ።»

«እኔ የሚጎበኝ ነገር አይደለሁም። ካልሽም ትኬት አስቆርጫት።»

«ነፃ ነው፣ ዘመድ ናት።»

«ደግሞ አይጠቅምሽም» አሉ ሲኞራ ሳቃቸውን ገታ አድርገው። «እኔን ስታጥቢኝ ብታይ፣ እናቴ ይህን ሠርታ ካሳደገችኝ እኔም እችላለሁ ነው የምትለው። የልጅ ነገር እንዲህ ነው።»

ስልኩ ጠራ። ኦቲሊያ ነች። ራይሳ ወደ ማዕድ ቤቱ አልሄደችም፣ እዚያው መስኮቱ ጋ ሆና አነሳችው። ወዲያ ማዶ የሉንካ ማዕድ ቤት ይሰማል፣ ድስት ይንኳኳል፣ ቬራ ማንን እንደሆነ ትቆጣለች።

«ነገ ነው የምንነሳው እማ። ቬራ አይብ ልላክላት ወይ ትላለች።»

«ላኪ በያት። ኦቲሊያ ስሚኝ…»

«እንዳትጀምሪ። እሑድ ትነግሪኛለሽ፣ ቀኑን ሙሉ አለን አይደል።»

«አሁንም እነግርሻለሁ፣ እሑድም እነግርሻለሁ። የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ።»

ኦቲሊያ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «አንቺ የብብትሽን ጥለሽ ነው የሄድሽው። ሞትኩ እንዴ?» አለች።

አልሞተችም። ነርስ እሆናለሁ ስትል ነበር፣ አልሆነችም፣ ግን አልሞተችም። ደግነቱ ስልኩ ውስጥ ሌላ ትንሽ ድምፅ ገባ፣ ስጪኝ ስጪኝ እያለ።

«አያቴ፣ እዚያ መኪና የለም የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው ሳንዱዬ። የለም።»

«አምቡላንስስ?»

«አምቡላንሱም ጀልባ ነው።»

«የእሳት አደጋስ?»

«እሱም ጀልባ ነው። ቆሻሻ የሚወስደውም ጀልባ ነው፣ ሲያነሳው ደግሞ በረጅም ክንዱ ነው።»

ልጁ ትንሽ አሰበ። «እኔ አላየሁትም» አለ፣ አንድ ሰው ያጠፋ ይመስል።

ራይሳ መስኮቱን አየች። እዚያው ከቤቱ ሥር ያለችው ትንሽ ድልድይ ላይ አንድ አባት ልጁን አቅፎ ይወጣል፣ ልጁ ጫማውን የአባቱ ካፖርት ላይ እያሸ። ይህን ድልድይ በየቀኑ ታየዋለች፣ ሰው ልጁን አቅፎ ሲወጣም በየቀኑ ታያለች፣ ዛሬ ግን ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወለል አለላት። የአራት ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን ድልድይ ይሮጠዋል። ሁለተኛውንም ይሮጠዋል። ከዚያ ይቆምና ሁለት እጁን ዘርግቶ እቀፊኝ ይላል። ከዚያ በኋላ ቬኒስን የሚያያት ከእናቱ አንገት ሥር ሆኖ ነው፣ መውጣት መውረድ፣ መውጣት መውረድ፣ እስኪመሽ። ቀኑን ሙሉ ልጅ አቅፋ ስትወጣና ስትወርድ የዋለች ሴት፣ ክንዷ የዛለ፣ አንገቷ ላይ ትንፋሹ የቀረ፣ ማታ ባቡር ጣቢያ ሄዳ ያንን ልጅ ለሰው አቀብላ መሳፈር ትችል እንደሆነ እናያለን። ራይሳ የቻለችው በሚኒባስ ስለሄደች ነው፣ ልጅቷ ደግሞ መሬት ላይ ስለቆመች። አቅፋት ቢሆን አትችልም ነበር፣ ይህን ታውቃለች።

«እናትህን ስጠኝ» አለችው። «ኦቲሊያ፣ ልጁን ይዘሽው ነይ።»

«ምን?»

«ለአንዲት ቀን። በዓል ነው፣ ፊኛ አለ፣ ጣፋጭ አለ። በዓይኔ አይቼው አላውቅም እኮ።»

«እማ ደህና ነሽ? ማታ ባቡር እይዛለሁ። ማን ይመልሰዋል?»

ይህ በዕቅዱ ውስጥ አልነበረም። ቁርሱ ነበር፣ ሾርባው ነበር፣ ሻማው ነበር፣ የምትመልስ አፍ ነበራት፤ ልጅቷ ማታ አይሆንም ብትል ግን ምን እንደሚሆን ራይሳ ለካ አንዴም አላሰበችም። እንዳሰበችው ካልሆነ የሚል ነገር አእምሮዋ ውስጥ ቦታ የለውም።

«እማ? አለሽ? ዝም አትበዪ በስልክ። ልጅ ሆኜም ዝም ስትዪ ካርዱ ያለቀ ይመስለኝ ነበር።»

«አለሁ። እኔ እመልሰዋለሁ።»

ቃሉ ራሱ ነው የወጣው። ከወጣ በኋላ ግን ስታየው ትክክል ነው።

«አንቺ ሥራ አለሽ» አለች ኦቲሊያ።

«አለኝ።»

«ቀልድ ነው?»

«ስሚኝ። ማታ ከሳንዱ ጋር ወደ ቤት ብትመለሺ እኔ እዚህ እቆያለሁ፣ እንደ እስካሁኑ ለሦስታችሁም እሠራለሁ። ሙኒክ እሄዳለሁ ካልሽ ሂጂ፣ አላስርሽም፣ እኔ ከልጁ ጋር ሉንካ እገባለሁ። ቬራ ጋ ግን አይቀርም። ቬራ አንዴ አሳድጋለች፣ ይበቃታል።»

ራይሳ የልጇን ትንፋሽ ትሰማለች፣ ልክ እንደዚያን ጊዜው ነው የምትተነፍሰው፣ ሮጣ እንደቆመች።

«ሳንዱ ያንን ሻርፕሽን ይዞ ነው የሚተኛው» አለች ኦቲሊያ በመጨረሻ።

«የቱን ሻርፕ?»

«የረሳሽውን። ያለሱ እንቅልፍ አይወስደውም።»

«እሱንም ይዛችሁት ኑ» አለች ራይሳ። ሌላ የምትለው ነበር፣ እጄን ያወዛወዝኩት ሳላውቅ ነው፣ የምትሰናበቺኝ መስሎኝ ነው፣ ግን ይህ በስልክ አይባልም፣ እሑድ ድልድይ ላይ ትነግራታለች። ኦቲሊያ እሺ አለች። እሺ ያለችው ለሻርፑ ይሁን ለልጁ ይሁን ሳይለይ ቬራ ከኋላ፣ የልጁ ካልሲ ገና አልደረቀም እኮ አለች፣ ስለዚህ ለልጁ ነው።

ስልኩን ስታስቀምጥ ሲኞራ ወደ መስኮቱ ዞረው ነበር። የራይሳ ቋንቋ ለእሳቸው ቋንቋ የአጎት ልጅ ስለሆነ፣ ደግሞ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሰሙት ስለኖሩ፣ ያልገባቸው ነገር ጥቂት ነው።

«ማን ነው የሚሄደው?» አሉ ሳይዞሩ።

«አላውቅም ሲኞራ። ወይ እሷ ናት ወይ እኔ።»

«ልትነግሪኝ ነበር ወይስ ጥግ አስይዘሽኝ ልትወጪ?»

«አሁን ነው እኔም የሰማሁት። ከራሴ አፍ።»

ሲኞራ ብርድ ልብሱን በጣታቸው አስተካከሉ፣ የተስተካከለውን። «የእህቴ ልጅ ከመስትሬ ትመጣለች። ዓሣ መግዛት አታውቅም፣ ቤፒ ይጫወትባታል።» «እንድትሄጂ አልፈልግም። ይህን እንድታውቂው ነው የምነግርሽ እንጂ እንድትቀሪ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለች ራይሳ፣ እጃቸውንም ያዘች፣ ሁለቱም እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ወደ ድልድይዋ ተመለከቱ። ማልቀስ አማራት፣ አላለቀሰችም።

«በይ እንግዲህ» አሉ ሲኞራ እጃቸውን እያወጡ። «ያ መንገድሽ ፈርሷል፣ ሌላ እንሥራ። ድልድይ ያለበት ነው የሚፈለገው?»

«ድልድይ የበዛበት። ደረጃው ቀጥ ያለ።»

«ማን እንዲደክም?»

«ልጁ።»

«ማን እንዲያቅፈው?»

«እናቱ።»

ሲኞራ ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት። «ክፉ ሴት ነሽ» አሉ ደስ እያላቸው። «ከባቡር ጣቢያው ፊት ባለው ትልቁ ጀምሪ፣ እሱ ወጣትም ያስተነፍሳል። ከዚያ በውስጥ በውስጡ፣ በትናንሾቹ፣ በአንዱ ወጥተሽ በሌላው ውረጂ፣ ቦዩ ሥር ጀልባ ካለ ቁሙ ይየው። ሪያልቶንም ውጡት። ልጁ እንቅልፍ ሲይዘው ተንሳፋፊው ድልድይ ላይ ድረሱ፣ እዚያ ላይ የተኛ ልጅ አቅፎ መሻገር እኔ አንዴ አድርጌዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ልጁን ከእጄ መውሰድ የቻለው በሽታ ብቻ ነው።» ይህን ከዚህ በፊት ነግረዋት አያውቁም። «መጀመሪያ ግን እዚህ አምጪልኝ። ትኬት አልጠይቅም።»

የሰፈሩ መስኮት እየተከፈተ ነው፣ የዕረፍቱ ሰዓት አልቋል። ራይሳ ዊልቸሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች፣ ክኒኑን ከውሃ ጋር አቀረበች፣ ሲኞራ ሳይከራከሩ ዋጡት፣ ይህም ከስንት ጊዜ አንዴ የሚሆን ነው። ከዚያ ለሚኒባሱ ሾፌር ለፓንቴሌይ ደወለች። የፓንቴሌይ ስልክ ምን ጊዜም የሚነሳው በሆነ ሰው ጭቅጭቅ መሃል ነው።

«ራይሳ እህቴ፣ ቶሎ በይ፣ ሰዎች ዶሮ ከነሕይወቱ ካልጫንን እያሉኝ ነው።»

«ነገ ስትነሳ ከልጄ ጋር ሕፃን አለ፣ ቦታ አስተካክልለት። እሑድ ማታ ስትመለስ ደግሞ ሁለት ቦታ ያዝልኝ።»

«ለዕቃ ነው ለሰው?»

«ለሰው። አንዲት ሴትና አንድ ሕፃን።»

«የሴትዮዋ ስም ማን ልበል?»

«እሱ እስከ ማታ አይታወቅም።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው ይሄ። ድንበር ላይ ስሟ የማይታወቅ ሴት ይዣለሁ ልበላቸው?»

«ወይ እኔ ነኝ ወይ ልጄ» አለች ራይሳ። «ሁለታችንንም ታውቀናለህ። እሑድ ማታ ልጁን አቅፋ የመጣችውን ታሳፍራታለህ።»

ዶሮው ከፓንቴሌይ ኋላ ይጮሃል።

«ሕፃኑስ?»

«ሕፃኑ ሳንዱ ይባላል። እሱን ጻፈው።»